ከብርድ ልብሱ በኋላ፦ ሂሳዊ ሶሻል ወርክ ምን ይጠይቃል?

[ምስል፦ ከስታዲየም ወደ ለገሃር የሚወስደው የእግረኛ መንገድ፣ ማለዳ። የተራኪ ድምፅ ብቻ።]

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ የምናወራው ሂሳዊ ሶሻል ወርክ ስለሚባለው ነገር ነው። ሶሻል ወርክ ችግር ላይ ያሉ ሰዎችን የሚያግዝ ሙያ ነው። «ሂሳዊ» ሲጨመርበት ስሙ ከበድ ይላል፤ ሐሳቡ ግን አንድ ቅጽ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከቅጹ እንጀምር።

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ ያለ የተገልጋይ መመዝገቢያ ቅጽ፣ ከቅርብ።]

ለማስረዳት ያህል አንዲት ልጅ እንፍጠር። ስሟን አስካለ እንበላት። ዕድሜዋ 17 ነው። ከገጠር መጥታ፣ በደላላ በኩል ካዛንቺስ አካባቢ ቤት ሠራተኛ ሆና ተቀጠረች። የስድስት ወር ደሞዟ «እኔ ጋ ይጠራቀምልሽ» ተብሎ አሠሪዋ ጋ ቀረ። አንድ ቀን «እትዬ፣ ለእናቴ ልልክላት ነበር» አለች። «የሰበርሽው ሰሃን ስንት እንደሆነ ታውቂያለሽ?» የሚል መልስ መጣ። በሳምንቱ ልብሷ በፌስታል ተደርጎ በር ላይ ተቀመጠ። አሁን ስታዲየም አካባቢ በረንዳ ላይ ነው የምታድረው።

አንድ ድርጅት ያገኛታል። ሶሻል ወርከሯ ቅጹን አውጥታ ትሞላለች። ስም፣ ዕድሜ፣ የትውልድ ቦታ፣ የትምህርት ደረጃ፣ ሱስ አለ ወይስ የለም፣ ከቤተሰብ ለምን ወጣች። ከሥር «የተገልጋዩ ችግር» የሚሉ ሦስት ባዶ መስመሮች አሉ። እዚያ ላይ ምን ይጻፋል? «መጠለያ የላትም። ገቢ የላትም። በራስ መተማመኗ ዝቅተኛ ነው።» ከዚያ ብርድ ልብስ፣ ጊዜያዊ መጠለያ፣ የፀጉር ሥራ ሥልጠና።

የተሰጣት ሁሉ ያስፈልጋታል፤ አንዱም አይናቅም። ግን ቅጹን መልሳችሁ እዩት። አሠሪዋ የለችበትም። ደላላውም የለበትም። የስድስት ወር ደሞዙ የትም አልተጻፈም። ሌላ ሰው የፈጸመባት በደል የእሷ ጉድለት ሆኖ ተመዝግቧል።

ሂሳዊ ሶሻል ወርክ «ይሄ እንዴት ሆነ?» ብሎ የሚነሳው እዚህ ጋ ነው። አንድን ሰው ከመርዳት ጎን ለጎን፣ ያን ሰው እዚያ ያደረሰው አሠራር ማን እንደሠራው፣ ማን እንደሚጠቀምበት፣ ምኑ ሊቀየር እንደሚችል ይጠይቃል።

[ምስል፦ «377/1996» እና «384/1996» የሚሉ ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን።]

ጥያቄው አየር ላይ የተንጠለጠለ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 377 እንደ አስካለ ያለውን የግል አገልግሎት ቅጥር አይመለከተኝም ብሎ፣ ጉዳዩን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ እንዲወስነው ትቶታል። በ2011 አዲሱ አዋጅ ቁጥር 1156 ሲመጣም ነገሩ ያው ሆነ። በዚያው በ1996 ደግሞ አደገኛ ቦዘኔነትን ለመቆጣጠር የሚል አዋጅ ቁጥር 384 ወጥቷል። አዋጁ አንድን ሰው አደገኛ ቦዘኔ ለማለት ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ፣ መሥራት እየቻለ በግልጽ የሚታወቅ መተዳደሪያ የሌለው መሆኑን ነው። በእርግጥ እሱ ብቻውን አይበቃም፤ ሌላ ድርጊት ይጨመርበታል። ቢሆንም ሁለቱን አዋጆች ጎን ለጎን አስቀምጡና አንብቧቸው። እቃ ስታጥብ ሠራተኛ ያላላት ሕግ፣ በረንዳ ላይ ስትወድቅ በጥርጣሬ ሊያያት ይጀምራል።

ይህን «በራስ መተማመን» በሚል ሥልጠና አትፈቱትም።

[ምስል፦ የድሮ ፎቶግራፎች፤ ቺካጎ፣ ለንደን፣ ብራዚል።]

ታሪኩን በአጭሩ። ሶሻል ወርክ ሲጀመር ጀምሮ ሁለት ልብ ነበረው። አንደኛው መንገድ በአሜሪካ ሜሪ ሪችመንድ ያስፋፋችው ነው፤ የእያንዳንዱን ሰው ጉዳይ በጥንቃቄ መመርመር። ሌላው በ1889 እ.ኤ.አ. ጄን አዳምስ ከጓደኛዋ ጋር ቺካጎ ውስጥ ሃል ሃውስ የተባለውን የሰፈር ማዕከል ስትከፍት የተያዘው መንገድ ነው፤ ድሆች መሃል እየኖሩ ለሠራተኛ ሕግ መታገል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ወጣት ሶሻል ወርከሮች «እኛ የሥርዓቱ ጠጋኞች ነን ወይ?» ብለው ተነሱ። ብራዚላዊው ፓውሎ ፍሬሬም ለጎልማሶች ፊደል ሲያስቆጥር፣ ሰዎቹ የራሳቸውን ኑሮ እንዲያነቡት ያደርግ ነበር። በ1964 እ.ኤ.አ. በአገሩ መፈንቅለ መንግሥት ሲደረግ ታሰረ፤ ከዚያም ተሰደደ።

እኛ ጋ ነገሩ ትንሽ ያስቃል፣ ትንሽም ያሳዝናል። የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ውስጥ የተከፈተው በ1959 እ.ኤ.አ. ነው። በአብዮቱ ዘመን ተዘጋ። እንግሊዝ ውስጥ ማርክስን የሚጠቅሱ ሶሻል ወርከሮች ሙያቸውን ሊለውጡ ሲሟገቱ፣ እዚህ ማርክሲስት ነኝ ያለው መንግሥት ትምህርቱ እንዲቀር አደረገ። ሙያው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በማስተርስ ደረጃ የተመለሰው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። ሠላሳ ዓመት ገደማ ማለት ነው።

ከተመለሰም በኋላ ብዙ ሳይቆይ ሌላ አጥር መጣ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማህበራት አዋጅ ቁጥር 621፣ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊ መብት፣ በፆታ እኩልነት፣ በሕፃናትና በአካል ጉዳተኞች መብት ላይ እንዳይሠራ ከለከለ። ብርድ ልብስ ማደል ይቻላል፤ «ደሞዟ የት ሄደ?» ማለት ግን ያስጠይቃል። አዋጁ በ2011 በቁጥር 1113 ተተካ፤ ክልከላውም ተነሳ። በእኔ እምነት ግን ልማዱ ቅጹ ውስጥ እንዳለ ነው። የሩብ ዓመት ሪፖርት «ስንት ሰው ተረዳ» ብሎ ይጠይቃል እንጂ «ምን ተቀየረ» አይልም። ሶሻል ወርከሩም ደሞዝተኛ ነው፤ ሪፖርቱ የሚጠይቀውን ይሞላል። ምን ያድርግ?

[ምስል፦ የፍርድ ቤት ኮሪደር፣ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሴቶች።]

ታዲያ ከመዝገብ ተነስቶ ሕግ ይቀየራል ወይ? ተቀይሮ ያውቃል። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማህበር በ1987 ዓ.ም. ተመሠረተ። ለሴቶች ነፃ የሕግ ምክር ይሰጥ ነበር። በወቅቱ የሚሠራበት የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅዳል፤ ባልን የቤተሰቡ አስተዳዳሪ ያደርጋል። ጠበቆቹ አንዷን ባለጉዳይ ሸኝተው ሌላዋን ሲቀበሉ፣ ታሪኩ እየተደጋገመ መጣ። ስለዚህ ፍርድ ቤት መመላለሱን ሳይተዉ ሕጉ ራሱ እንዲሻሻል ወተወቱ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ሲወጣ የሴቷ የጋብቻ ዕድሜ 18 ሆነ፤ ባልና ሚስት ቤታቸውን በእኩልነት እንዲመሩ ተደነገገ። ጠበቆቹ ሶሻል ወርከሮች አልነበሩም፤ የሠሩት ሥራ ግን የምናወራው ዓይነት ነው። ተመሳሳይ መዝገቦችን አንድ ላይ አስሮ «ይሄ የአንዲት ሴት ጉዳይ አይደለም» ማለት።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሳል፤ ትክክልም ነው። አስካለ ዛሬ ማታ መተኛ ያስፈልጋታል። ስለ ሥርዓት ብትነግሯት ብርዱ አይለቃትም። በወሬ ብቻ ሂሳዊ የሆኑ ባለሙያዎችም አሉ፤ ስብሰባ ላይ አንደኛ፣ መስክ ላይ የሉም። ሥራው ሁለቱንም ይፈልጋል፤ አልጋው ዛሬ ይሰጣል፣ የደሞዙም ጉዳይ ዛሬ ይመዘገባል።

[ምስል፦ የፈረሱ ቤቶች ቦታ ላይ የተዘረጋ አዲስ አስፋልት፣ ካዛንቺስ።]

አሁን ደግሞ ከመሃል ከተማው ሌላ ጉዳይ። በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ካዛንቺስ፣ በኮሪደር ልማቱ ብዙ ሰፈር ተነስቷል። ብዙ ነዋሪዎች ወደ ከተማዋ ዳር ሄደዋል። ቤት ያገኘው ሰው በወረቀት ላይ «ችግሩ ተፈትቷል» ሊባል ይችላል። መጸዳጃውም ውሃውም ከድሮው የቀበሌ ቤት ሊሻል ይችላል፤ ይህን መካድ አይገባም።

ግን ለምግብ ቤቶች እንጀራ ጋግራ ታስረክብ የነበረች እናት ደንበኞቿ የሉም። ሥራ ስትሄድ ልጇን የምታይላት ጎረቤት ሌላ ብሎክ፣ ምናልባትም ሌላ ሳይት ደርሷታል። እድሩስ? ድንኳኑና አግዳሚው ማን ጋ ይቀመጥ? ለቅሶ ሲሆን ከየት እስከ የት ይለፈፍ? በኤች አይ ቪ ክፉ ዘመን ስንቱ እድር ከቀብር አልፎ ወላጅ ያጡ ልጆችን ደግፏል። የእድር መበተን የሚመዘገብበት ሳጥን ግን የትኛውም የካሳ ቅጽ ላይ አላየሁም።

ሂሳዊ ሶሻል ወርከር እዚህ ምን ይሠራል? ለእናትየው የሥራ ፈጠራ ሥልጠና ከማዘዙ በፊት የእድሩን ዳኛና ጸሐፊ ፈልጎ ያገኛል። የአባላቱን መዝገብ አስወጥቶ ማን የት እንደደረሰ አብሯቸው ይጽፋል። ማን ገቢውን አጣ፣ የማን ልጅ ትምህርት አቋረጠ፣ የትኛው አዛውንት ብቻውን ቀረ። ከዚያ የእድሩ ሰዎች ራሳቸው፣ ዝርዝሩን ይዘው፣ ወረዳው ፊት ይቀርባሉ። የሚጠይቁትም የተወሰነ ነገር ነው፤ ቀጣዩ ሰፈር ሲነሳ የአንድ እድር አባላት አንድ ሳይት ይመደቡ፣ ለጉሊትና ለእንጀራ መጋገሪያ የሚሆን ቦታም ቤቱ ከመተላለፉ በፊት ይለይ። ሶሻል ወርከሩ በዚያ ስብሰባ ላይ ብዙ ባይናገር ይመረጣል።