እርጅና ነው ብለን አንለፈው

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ የዕድራችን አባላት በሙሉ፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ነርስ ነኝ። የምሠራው የግፊትና የስኳር ታካሚዎችን በምንከታተልበት ክፍል ነው። ወላጁን ይዞ የሚመጣ ልጅ ደጋግሞ የሚለኝ አንድ ነገር አለ፦ «ሲስተር፣ አባዬ መርሳት አብዝቷል፣ ያው እርጅና ነው እንግዲህ»። ዛሬ የመጣሁት በዚህች «እንግዲህ» ላይ ልሟገታችሁ ነው።

መነጽር የት እንዳስቀመጡ መርሳት፣ የሰው ስም ምላስ ላይ መጥቶ እምቢ ማለት ከዕድሜ ጋር ይመጣል። 40 ዓመት የኖሩበት ሠፈር ውስጥ መንገድ መሳት ግን፣ ወይም ለቡና መግዣ የተሰጣቸውን ብር መቁጠር ማቃት፣ እርጅና አይደለም። በሽታ ነው። ደግሞም ሁሉም በሽታ ዝም ብሎ የሚመጣ አይደለም። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያሰባሰባቸው ባለሙያዎች በ2024 እ.ኤ.አ. ለመርሳት በሽታ የሚያጋልጡ 14 ነገሮችን ዘርዝረው፣ እነዚህን መቆጣጠር ቢቻል በዓለም ላይ ካለው የመርሳት በሽታ ወደ 45 በመቶ የሚሆነውን ማስቀረት ወይም ማዘግየት እንደሚቻል ገምተዋል። ግማሽ ሊሆን ምን ቀረው?

14ቱን አልዘረዝርም። በሠፈራችን የማያቸውን ልናገር።

ግፊት። «ራሴን ካላመመኝ ግፊት የለኝም» የምትሉ አላችሁ። «ተሻለኝ ብዬ ኪኒኑን ተውኩት» የምትሉም አላችሁ። እባካችሁ! ግፊት አብዛኛውን ጊዜ አያምም። አንጎል ውስጥ ያሉት ደም ስሮች በጣም ቀጭን ናቸው፤ ግፊት በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይጎዳቸዋል፣ የተጎዳ ስር ያለበት የአንጎል ክፍል ደም በደንብ አያገኝም፣ ቤተሰቡ ነገሩን የሚያየው ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ ይሄ የሽማግሌዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጣችሁ የ40 እና የ50 ዓመት ጎልማሶች፣ ዋናው ጊዜ የእናንተ ነው። ጸበልም የምትሄዱ፣ ዱዓም የምታስደርጉ፣ ኪኒናችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

አሁን ወደ ጆሮ ልምጣ፣ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው እሱን ነው። ቡና ላይ እማማን ልብ ብላችሁ እዩአቸው። ሰው ሲስቅ ትንሽ ዘግይተው ይስቃሉ። «ማን መጣ?» ስትሏቸው «አዎ አዎ» ይላሉ። ቆይተው በረካው ሳይደርስ ተነስተው ጓዳ መግባት ያመጣሉ፣ ከዚያም ጭራሽ ይቀራሉ፣ ልጆቹም «ጃጅተዋል» ብለው ይተዋቸዋል። አንዳንዴ ያልሰሙ ብቻ ናቸው! አንጎል ደግሞ ድምፅ ሲቀርበት፣ ጨዋታ ሲቀርበት፣ ብቻውን ሲውል እየደከመ ይሄዳል። መጀመሪያ ጆሯቸው ይታይ። ኩክ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ፣ ጤና ተቋም ይወጣላቸዋል፤ ቤት ውስጥ በክብሪት እንጨት አትቆፍሩ። የመስሚያ መሣሪያ ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ቴሌቪዥኑን ዘግቶ ፊት ለፊት ተቀምጦ ቀስ ብሎ ማውራት ግን ምንም አያስከፍልም።

ጾመኞች እንዳትቀየሙኝ እንጂ አንድ ነገር ልጨምር። ቫይታሚን ቢ12 የሚባለው በተፈጥሮ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ሆዳችን በደንብ አይወስደውም። ለስኳር የሚታዘዘው ሜትፎርሚንም ይቀንሰዋል። እንግዲህ 70 ያለፋቸው፣ አንድም ጾም የማያስቀሩ፣ ሜትፎርሚን የሚወስዱ እናት ሦስቱም ተደራረቡባቸው ማለት ነው። ቢ12 ሲያንስ እግር ይደነዝዛል፣ ሰውነት ይደክማል፣ ማስታወስም ይቸግራል። ቶሎ ከተደረሰበት በመርፌ ወይም በኪኒን ይታከማል። ጾሙን ተዉ አላልኩም፤ ደማችሁን ተመርመሩ ነው ያልኩት።

እንቅስቃሴውን ታውቁታላችሁ፣ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም በእግር ይኬዳል። ገበጣውም፣ ዳዊት መድገሙም፣ ቁርኣኑም ጥሩ ነው፤ ግን ለአንጎል አዲስ ነገርም ስጡት። የልጅ ልጃችሁ ስልክ ሲያስተምራችሁ «እኔ አይገባኝም» አትበሉ። ልጆችም፣ በሁለተኛው ጊዜ አትቆጡ። ፊንላንድ ውስጥ ከ60 እስከ 77 ዓመት የሆናቸውን 1,260 ሰዎች በሁለት ቡድን ከፍለው፣ ለአንዱ ቡድን ለሁለት ዓመት አመጋገቡን፣ እንቅስቃሴውን፣ የአእምሮ ልምምዱንና የግፊት ክትትሉን አንድ ላይ ሲያደርጉለት፣ ይህ ሁሉ የተደረገላቸው ሰዎች በማሰብ ፈተና ከሌሎቹ ተሽለው ተገኝተዋል። በ60 ዓመትም አልረፈደም ማለት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ትናንት ደህና የነበረ ሰው ዛሬ ድንገት ከተቀባዠረ፣ ቤቱን ካላወቀ፣ አንደበቱ ከተሳሰረ፣ «ይለፍለት» አትበሉ። ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፣ ስትሮክ ሊሆን ይችላል፣ የስኳር መውረድ ሊሆን ይችላል። በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ውሰዱ።

የግፊት መለኪያ ይዤ መጥቻለሁ፣ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ቡና የጠጣችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፣ ከመለካታችሁ በፊት አምስት ደቂቃ አረፍ በሉ፣ እግር አታነባብሩ። የምትወስዱትን ኪኒን የያዛችሁ አሳዩኝ። ከአባቶች እንጀምር፤ ወጣቶችም ተሰለፉ።