መልሱ ይቆይ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የምቀዳው አራት ኪሎ፣ ቤቴ ሆኜ ነው። የታክሲ ረዳቶች ጥሪ ጣልቃ ከገባ ይቅርታ።

ቱሪዝም የተማርኩት ቱርክ፣ አንታልያ ነው። በመንግሥታቸው ስኮላርሺፕ ነው የሄድኩት። መጀመሪያ አንድ ዓመት ቱርክኛ ትማራላችሁ። እዚያ "ሆሽ ገልዲኒዝ" ሲሉህ፣ እንኳን ደህና መጣህ ማለት ነው፣ እንግዳው "ሆሽ ቡልዱክ" ብሎ ይመልሳል። በደህና አገኘናችሁ እንደማለት ነው። እኛም ጋ "እንኳን ደህና ቆያችሁ" ይባል የለ? እኔ ግን ለወራት "አመሰግናለሁ" ብቻ ነበር የምለው። መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም። ከአፌ አልወጣ አለኝ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ባሰብኝ። "እየጾምኩ ነው" ስላቸው የክፍሌ ልጆች ውሃውን ከፊቴ ያነሱልኛል። ለእነሱ ጾም ከንጋት እስከ ፀሐይ መግቢያ ምንም አለመቅመስ ነው። ዳቦ ስበላ ሲያዩኝ ግራ ይገባቸዋል። 55 ቀን ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም እያልኩ በተሰባበረ ቱርክኛ አስረዳለሁ። በዚያው ሰሞን ሆቴል ለልምምድ ወጥተን፣ እንግዳው ገና ሳይቀመጥ "የማይበሉት ነገር አለ?" ብለን እንድንጠይቅ እየሠለጠንን ነበር። እኔን ተማሪዎች ካፌ ውስጥ የጠየቀኝ ሰው የለም። ይሄ በጣም ሆዴን ያባባው ነበር።

አንድ ቀን የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ከቤቷ ሳርማ ይዛልኝ መጣች። በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ ነው። "እናቴ ላንቺ ብላ ያለ ሥጋ፣ በወይራ ዘይት ሠራችው" አለችኝ። "ሆሽ ቡልዱክ" ያልኩት ያኔ ነው።

ይሄን ያስታወሰኝ ያለፈው ቅዳሜ ነው። ከደቡብ ሱዳን መጥቶ እዚህ ቱሪዝም የሚማር ልጅ ብሔራዊ ሙዚየም ድንቅነሽን ላሳየው ቀጥሬው ነበር። 3 ሰዓት ተባባልን። ጠዋት በሩ ላይ ብጠብቀው የለም። 9 ሰዓት ላይ "ደርሻለሁ" ብሎ ደወለ። የሀብተ ሥላሴ ታፈሰን የቱሪዝም መፈክር፣ "የ13 ወር ፀጋ" የሚለውን፣ ክፍል ውስጥ ተምሮታል። የእኛ ሰዓት ከንጋት እንደሚቆጠር ግን ማንም አልነገረውም። እኔም አልነገርኩትም። እኔ!

እየሮጥኩ ወደ አምስት ኪሎ ወጣሁ። "እንኳን ደህና መጣህ" አልኩት። ዝም ብሎ ፈገግ አለ። መልሱን አላስተማርኩትም፣ ይቆይ። በሩን ሳናልፍ የማይበላውን ጠየቅኩት።

በርበሬ አይችልም።