ሚሞሪ ካርዱ አልታይ ሲል፦ «ፎርማት» ከመጫናችሁ በፊት

[ምስል፦ የስልክ ማያ ገጽ በቅርበት። «ኤስዲ ካርዱ ተበላሽቷል። ለማስተካከል ይንኩ» የሚል መልእክት ይታያል።]

ይህ መልእክት ስልካችሁ ላይ ከመጣ አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ፤ አትንኩት። «ለማስተካከል» ይላል እንጂ የሚያስተካክለው ካርዱን ነው፤ ውስጡ ያለውን አይደለም። ከነካችሁት ቀጥሎ የሚመጣው «ፎርማት ይደረግ?» የሚል ጥያቄ ነው። እሺ ያላችሁት እንደሆነ ስልኩ ካርዱን ባዶ አድርጎ ይቀበለዋል። የልጃችሁ ክርስትና፣ የእህታችሁ ሠርግ፣ ከዓመታት በፊት የቀዳችሁት የአያታችሁ ድምፅ አብሮ ይሄዳል።

እኔ ደብረ ብርሃን ከተማ ስልክ እጠግናለሁ። ዛሬ የማሳያችሁ፣ ስልክ ሚሞሪ ካርዱን አላውቀውም ሲል ችግሩን ከየት ጀምሬ ወዴት እንደምፈልገው ነው። ይህን ነገር በጥብቅ እንድይዘው ያደረጉኝ አንዲት እናት ናቸው። ከመሐል ሜዳ በጠዋቱ መኪና የመጡ ናቸው፤ ስልካቸውን በመሐረብ ቋጥረው ይዘውታል። «ልጄ፣ ሚሞሪ የለም ይለኛል» አሉኝ። ባለቤታቸው ከማረፋቸው በፊት በልጃቸው ሠርግ ላይ ያሰሙት ቀረርቶ በዚያች ካርድ ላይ ነው ያለው፤ ሌላ ቦታ አልተቀዳም። ስጠይቃቸው የጎረቤት ልጅ «እኔ አስተካክልልዎታለሁ» ብሎ «ፎርማት» የሚለውን ተጭኖት ኖሯል። ልጁ ለደግ ብሎ ነው፤ መጫኑ የሚያስከትለውን የሚነግረው ሰው አላገኘም። ወደ እሳቸው ካርድ እመለሳለሁ።

[ምስል፦ አንዲት ሚሞሪ ካርድ ከአንድ ፍሬ ባቄላ ጎን።]

ዕቃው ይህ ነው። ቁመቱ 15 ሚሊ ሜትር፣ ወርዱ 11፣ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር። ክብደቱ ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም። ማይክሮ ኤስዲ በሚል ስም ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ገልብጡት፤ በጀርባው የወርቅ ቀለም ያላቸው 8 ቀጫጭን ንክኪዎች ተደርድረዋል። ካርዱና ስልኩ የሚነጋገሩት በእነዚህ 8 ንክኪዎች ብቻ ነው።

ስልኩ ካርዱን «አወቀው» ስንል ምን ማለታችን ነው? እንግዳ ደጃችሁ ሲመጣ አስቡት። መጀመሪያ በሩን ያንኳኳል። ከውስጥ «ማን ልበል?» ይባላል፤ እሱም ስሙን ይናገራል። ከገባ በኋላ ደግሞ መግባባት አለ፤ ቋንቋው የማይታወቅ ከሆነ ቢገባም አይጫወትም። ካርዱም እንዲሁ ነው። ማንኳኳቱ የብረቱ ንክኪ ነው። ስሙን የሚናገረው በውስጡ ያለች ትንሽ ተቆጣጣሪ ቺፕ ናት፤ ዓይነቷንና መጠኗን ለስልኩ ታሳውቃለች። ቋንቋው ደግሞ ፋይሎቹ የተደረደሩበት ሥርዓት ነው።

ስለዚህ ስልኩ የሚያሳያችሁን በደንብ አንብቡ። ካርድ እንደገባ ጨርሶ ካላሳየ፣ ማንኳኳቱ አልተሰማም፤ ወይም ተቆጣጣሪዋ ሞታለች። «ተበላሽቷል» ወይም «አይደገፍም» ካለ ግን ካርዱ በር ላይ ደርሷል፤ የጠፋው መግባባቱ ነው። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ተስፋ አለው።

[ምስል፦ ስልክ ሲጠፋ፣ የሲም መሳቢያው በመርፌ ሲወጣ።]

ስልኩን አጥፉት። በርቶ እያለ ካርድ አይነቀልም፤ መንቀል ግድ ከሆነ መጀመሪያ «ቅንብሮች» ውስጥ «ማከማቻ» ገብታችሁ ካርዱን አስወጡት። አሁን መሳቢያውን አውጡና እዩት። ብዙ ስልኮች ሁለተኛው የሲም ቦታና የካርዱ ቦታ አንድ ነው፤ ወይ ሲም ወይ ሚሞሪ እንጂ ሁለቱን አይዝም። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በይፋ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከኢትዮ ቴሌኮም ሲማቸው ጎን ሁለተኛ ሲም የሚይዙ ሰዎች በዝተዋል። ሲሙን ሲጨምሩ ሚሞሪውን ያነሡታል፤ ወይም አንዱን በአንዱ ላይ ደርበው ያስገቡታል። ከዚያ «ሚሞሪዬ ተበላሸ» ብለው ይመጣሉ። ካርዱ ደኅና ነው፤ መቀመጫ ነው ያጣው። ካርድ ጨርሶ የማይቀበል ስልክም አለ። አይፎን ኖሮት አያውቅም፤ ከሳምሰንግም ጋላክሲ ኤስ21ና ከእሱ ቀጥለው የመጡት የኤስ ስልኮች ቦታው የላቸውም።

አሁን አጉሊ መነጽር አምጡ፤ ከሌለ በሌላ ስልክ ካሜራ አቅርቡና እዩ።

[ምስል፦ በጣም ቀርቦ፣ የካርዱ 8 ንክኪዎች፤ በሦስተኛው ላይ ጥቁር ክር ተጋድሟል።]

ይህችን ክር አያችኋት? የበግ ጠጉር ናት፤ ከባና የወጣች። አገራችን ብርድ ነው፤ ጋቢ እንለብሳለን፣ ባና እንደርባለን፣ ስልኩን ከትራስ ሥር አድርገን እናድራለን። ብናኙ በመሳቢያው ጠርዝ ይገባል። አንዲት ክር ከንክኪዎቹ በአንዱ ላይ ብትጋደም ስልኩ ካርዱ መኖሩን እንኳ ላይሰማ ይችላል። እንዲህ ያለችውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ጠርጉ። በአፋችሁ እፍ አትበሉ፤ እስትንፋስ እርጥብ ነው።

ንክኪዎቹ ከጠቆሩ ወይም ቅባት ከያዛቸው፣ ከፋርማሲ የሚገዛ አልኮል በጥጥ ጫፍ በትንሹ ነክራችሁ ካርዱን ብቻ አብሱና እስኪደርቅ ጠብቁ። በአረቄ የሚያብሱ ሰዎች አይቻለሁ። አረቄ አይሆንም፤ ዳግም እንኳ ቢሆን ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው፤ ውኃው ደግሞ ንክኪው ላይ ይቀራል። ምላጭና መርፌም ከካርዱ ይራቁ፤ ንክኪዎቹ የተቀቡት ወርቅ እጅግ ስስ ነው፤ ከተፋቀ አይመለስም።

ስለ ጤዛም ልንገራችሁ፤ ለእኛ መንገድ የተለየ ነገር ነውና። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በጣርማ በር ዋሻ አልፋችሁ ደብረ ሲናን ተሻግራችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ። በውርጭ ያደረ ስልክ በዚያው ጠዋት ቆላ ሲወርድ፣ ሞቃቱና እርጥቡ አየር በቀዝቃዛው ብረት ላይ ጠል ይሆናል። ቀዝቃዛ ጠርሙስ ሞቃት ቤት ሲገባ እንደሚያልበው ነው። ጠሉ መሳቢያው ውስጥ ከደረሰ ካርዱ ይጠፋል፤ ሲደርቅ ተመልሶ ሊታይ ይችላል። ሲደጋገም ግን ውስጥ ያሉትን ስስ ብረቶች ያዝጋቸዋል። እንዲህ ከሆነባችሁ ስልኩን አጥፍታችሁ፣ ካርዱን አውጥታችሁ በጥላ ለጥቂት ሰዓት አቆዩት። ምድጃ አጠገብ አታስጠጉት።

ተጠርጎ፣ ደርቆ፣ በትክክል ተቀምጦም አልታይ ካለ፣ ካርዱን ሌላ ስልክ ላይ ሞክሩት፤ የሌላውንም ሰው ካርድ በእናንተ ስልክ ሞክሩት። ሁለት ስልክና ሁለት ካርድ ካላችሁ ጥፋቱ የማን እንደሆነ በአምስት ደቂቃ ይለያል። የእናንተ ስልክ የማንንም ካርድ ካላነበበ ማስገቢያው ነው የተበላሸው፤ ካርዳችሁ ሰላም ነው። ካርዱ የትም ካልታየ የሚያስተማምነው ምስክር ኮምፒውተርና የካርድ ማንበቢያ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ፤ ብዙ ሰው ስለማያውቀው ጠበቅ አድርጌ እነግራችኋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣው አንድሮይድ 6 ጀምሮ፣ አንዳንድ ስልኮች ካርድ ሲገባ «እንደ ውስጣዊ ማከማቻ ልጠቀምበት?» ብለው ይጠይቃሉ። እሺ የተባለ ካርድ ይመሰጠራል፤ ቁልፉም በዚያ ስልክ ውስጥ ብቻ ይቀመጣል። እንዲህ ያለው ካርድ ሌላ ስልክ ላይ ሲገባ ባዶ ወይም የተበላሸ ይመስላል። ያ ስልክ «ፎርማት ላድርገው?» ሲላችሁ እሺ እንዳትሉ። ካርዱ በራሱ ስልክ ላይ ይታይ እንደሆነ ነው የሚሞከረው። ስልኩን ወደ ፋብሪካ ሁኔታ መመለስማ ከቶ አይታሰብም፤ ቁልፉ ይጠፋል፤ ቁልፉ ከጠፋ በኋላ እኔም ሌላ ባለሙያም ያንን ካርድ አንከፍተውም።

[ምስል፦ 16፣ 32፣ 64 እና 128 ጊጋባይት ካርዶች በተራ።]

ስለ መጠን ባጭሩ። እስከ 32 ጊጋባይት ያሉት ካርዶች በተለምዶ ፋት32 በሚባል ሥርዓት ይደረደራሉ። ከ32 በላይ እስከ 2 ቴራባይት ያሉት ኤክስፋት በሚባለው ነው የሚመጡት። አሮጌ ስልክ ኤክስፋትን ላያውቅ ይችላል፤ አዲስ 64 ጊጋባይት ካርድ ገዝታችሁ «አይደገፍም» ካላችሁ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። ከመግዛታችሁ በፊት ስልካችሁ እስከ ስንት እንደሚቀበል አጣሩ።

ከዚህ ሁሉ የሚያናድደኝ ሐሰተኛው ካርድ ነው። በላዩ 128 ተጽፎበታል፤ ውስጡ 8 ጊጋባይት ብቻ ነው። ተቆጣጣሪዋን ቺፕ ዋሽታ 128 ነኝ እንድትል አድርገው ነው የሚሸጡት። ስልኩ ያምናታል። የመጀመሪያዎቹ 8 ጊጋባይቶች በትክክል ይቀመጣሉ፤ ከዚያ በኋላ የምትቀዱት ግን ወይ በቀድሞው ላይ ይጻፋል ወይ የትም አይደርስም። ስሙ ይታያል፣ ስትከፍቱት አይከፈትም፤ ፎቶው ግማሹ ግራጫ ይሆናል። በመጨረሻም ካርዱ ጨርሶ ይጠፋል። ሰው አራስ ልጁን ያነሣበት ፎቶ እንዲህ ሲቀር አይቻለሁ። ያንን ካርድ የሚሸጥ ሰው የሚሰርቀው የካርዱን ዋጋ ብቻ አይደለም። አዲስ ካርድ ስትገዙ ምንም ሳትጭኑበት ኮምፒውተር ላይ አስፈትሹት። ኤች ቱ ቴስት ደብሊው የሚባል ነጻ ፕሮግራም ካርዱን እስከ ጫፉ ሞልቶ፣ የጻፈውን መልሶ አንብቦ እውነተኛ መጠኑን ይናገራል። ሰዓት ይወስዳል፤ ቢሆንም አስፈትሹት።

«ቫይረስ በልቶት ነው» የሚለውን ደግሞ በየቀኑ እሰማለሁ። ካርዱ እየታየ ፋይሎቹ ብቻ ከጠፉ ሊሆን ይችላል። መዝሙርና ዘፈን የሚጫንባቸው ኮምፒውተሮች ላይ ያለ ቫይረስ አቃፊዎችን ይደብቅና በምትካቸው አቋራጭ ያስቀምጣል። «ማከማቻ» ውስጥ የተያዘውን መጠን እዩ፤ 14 ጊጋባይት ተይዟል እያለ አቃፊው ባዶ ከሆነ ፋይሎቹ አሉ፤ ተደብቀው ነው። ካርዱ ጭራሽ አልታይ ካለ ግን የቫይረስ ነገር አይደለም፤ በከንቱ አትድከሙ።

[ምስል፦ ካርዱ በማንበቢያ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ።]

አሁን ወደ መሐል ሜዳዋ እናት ካርድ። ፎርማት ተደርጓል፤ ተስፋ ነበረው? ነበረው። ፈጣኑ ፎርማት በብዛት የሚያጠፋው ማውጫውን ነው፤ የመጽሐፉን ማውጫ ገንጥሎ እንደ መጣል ነው፤ ገጾቹ አዲስ ነገር እስኪጻፍባቸው ድረስ ይቆያሉ። ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ከዚያ በኋላ ፎቶ አንሥተውበታል?» የሚል ነበር። «ኧረ ምኑን ብዬ፣ ልጄ፤ አውጥቼ በመሐረብ ነው የቋጠርኩት» አሉ። ያዳናት ያ መሐረብ ነው። ካርዱ በስልኩ ውስጥ ቆይቶ ፎቶና መልእክት ሲገባበት ቢሰነብት ኖሮ ቀረርቶው በላዩ ይጻፍበት ነበር።

ፎቶሬክ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ተጠቀምኩ። ስሙ ስለ ፎቶ ቢሆንም ቪዲዮና ድምፅም ያወጣል። የተገኘው ፋይል የሚቀመጠው ኮምፒውተሩ ላይ ነው፤ ካርዱ ላይ መልሶ መጻፍ ያልወጣውን ይደመስሳል። ኮምፒውተሩ «ካርዱን ልጠግነው?» ብሎ ሲጠይቅም መጀመሪያ እንቢ አልኩት፤ ጥገና ማለት መጻፍ ነው። ካርዱ እየተነበበ አልጻፍ የሚል ከሆነም ያው ነው፤ እያረጀ መሆኑን የሚነግራችሁ ነው፤ ሳትውሉ ሳታድሩ ቀድታችሁ አውጡበት። ፎርማት የሚፈቀደው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ ያኔም ካርዱ በሚሠራበት ስልክ ላይ አድርጉት።

ፕሮግራሙ ፋይሎቹን ሲያወጣ ስማቸውን አይመልስም፤ ማውጫው ጠፍቷልና። በስም ፈንታ ቁጥር ነው የሚሰጣቸው። ከአራት መቶ በላይ ፋይል ወጣ። እሳቸው ከጎኔ በርጩማ ላይ ተቀመጡ፤ እኔ አንድ በአንድ እከፍታለሁ። የበግ ግልገል፣ የልጆች ሳቅ፣ ያልተከፈተ፣ የቅዳሴ ድምፅ፣ ያልተከፈተ። ቡና ተፈልቶ፣ ሁለተኛው ተጠጥቶ ነበር፤ አንዱን ፋይል ስከፍተው ምስሉ እየተቆራረጠ፣ ድምፁ ግን ጥርት ብሎ የአንድ ሽማግሌ ሰው ቀረርቶ ተሰማ። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አደረጉ። «አንድ ጊዜ ድገመው» አሉኝ።

ሦስት ቦታ ቀዳሁላቸው፤ በአዲስ ካርድ፣ በልጃቸው ስልክ፣ እንዲሁም በፍላሽ። ፍላሹን በዚያው መሐረብ ቋጥረውት ሄዱ።