ገለልተኛ አገር በጋራ መከላከያ ውስጥ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

(ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ገለልተኛ አገር የአውሮፓ ኅብረት አባል መሆን ይችላል?

ይችላል። ኦስትሪያ፣ አየርላንድና ማልታ አሉ።

ስዊድንና ፊንላንድስ?

ፊንላንድ በ2023፣ ስዊድን በ2024 ወታደራዊ ጥምረቱ ኔቶ ውስጥ ገብተዋል። ስለ ስዊዘርላንድ ልትደውሉ ያሰባችሁ ስልኩን አስቀምጡት፤ የኅብረቱ አባል አይደለችም።

የማልታና የአየርላንድ ገለልተኝነት በምን ይለያያል?

በተጻፈበት ቦታ። ማልታ በ1987 በሕገ መንግሥቷ አንቀጽ 1 አስገባችው፦ ወታደራዊ ጥምረት የለም፣ የውጭ ጦር ሰፈር የለም፣ የመርከብ መጠገኛዎቿ እንኳ ለሁለቱ ልዕለ ኃያላን (በጊዜው አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት) የጦር መርከቦች ዝግ ናቸው። የአየርላንድ ግን በዋናነት የመንግሥት ፖሊሲ ነው። ሕገ መንግሥቷ በአንቀጽ 29 የሚከለክለው አገሪቱን የሚያካትት የኅብረቱን የጋራ መከላከያ መቀበልን ነው። ስለዚህ ከመከራከራችሁ በፊት አንቀጹን እስከ መጨረሻው አንብቡ።

የአውሮፓ ኅብረት ውል አንቀጽ 42(7) ማልታን ወደ ጦርነት ያስገባታል አይደል? በአንዱ ላይ የደረሰን ጥቃት በሁሉም ላይ እንደደረሰ እንደሚቆጥረው የኔቶ አንቀጽ 5 ነው ይባላል።

ይህ ጥያቄ ሳይመጣ የሚያልፍ ሳምንት የለም። ችግሩ ሰዎች የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አንብበው ማቆማቸው ነው። እሱ የሚለው፣ አንድ አባል አገር በግዛቱ ላይ የትጥቅ ወረራ ከደረሰበት ሌሎቹ በሚችሉት ሁሉ የመርዳት ግዴታ አለባቸው ነው። ቀጥሎ ያለው ግን ይህ ግዴታ የአንዳንድ አባላትን የጸጥታና የመከላከያ ፖሊሲ ልዩ ባሕርይ እንደማይነካ ይናገራል። የገለልተኞቹ በር ይኸው ነው።

ሁለተኛውን ብቻ ይዘው «ገለልተኛ ምንም ዕዳ የለበትም» የሚሉም አሉ፤ እነሱም ተሳስተዋል። ግዴታው አለ፤ የእርዳታውን ዓይነት ግን አገሩ ይመርጣል፦ ገንዘብ፣ ሕክምና፣ መረጃ ሊሆን ይችላል። ፈረንሳይ ከፓሪሱ ጥቃት በኋላ በኅዳር 2015 አንቀጹን ስትጠቅስ ኅብረቱ ራሱ ጦር አላዘመተም። እያንዳንዱ አገር ከፓሪስ ጋር ለብቻው ተነጋግሮ ድርሻውን ወሰነ።

እኔን የሚያሳስበኝ በዚሁ አንቀጽ ተመክቶ የራስን ጥበቃ መተው ነው። አንቀጹ ከጀርባው የተዘጋጀ ዕዝም አውሮፕላንም የለውም። አየርላንድ ተዋጊ ጄት የላትም፤ ገለልተኝነት ግን ጠባቂ ይፈልጋል። በ1907ቱ የሄግ ስምምነት ገለልተኛ አገር ተዋጊዎች ጦራቸውን በግዛቱ እንዳያሳልፉ የመከልከል ግዴታ አለበት። በምን ይከለክላል? በመግለጫ?

ገለልተኛ አገር በኅብረቱ ወታደራዊ ውሳኔ ካልተስማማች?

ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ስለሆነ ልታግደው ትችላለች። ሌላው መንገድ ግን ገንቢ ድምፀ ተአቅቦ ነው፦ ከመደበኛ መግለጫ ጋር ድምፅ ሳትሰጥ ትቀራለች፤ ውሳኔው አያስገድዳትም፣ ለዘመቻው ወጪም አትከፍልም። በምላሹ የሌሎቹን እርምጃ አታደናቅፍም። በ2022 ለዩክሬን መሣሪያ ሲወሰን ኦስትሪያ፣ አየርላንድና ማልታ በዚህ መንገድ ሄዱ። መግለጫው ከተረሳ ተአቅቦው ብቻውን ከግዴታ አያወጣም።

ፔስኮ (የኅብረቱ ቋሚ የመከላከያ ትብብር) መግባት ገለልተኝነትን ያፈርሳል?

በራሱ አያፈርስም፤ የትኛው ፕሮጀክት ውስጥ እንደሚገባ አገሩ ይመርጣል። አየርላንድና ኦስትሪያ በ2017 ገቡ፣ ማልታ ቀረች። ነገር ግን ከመግባት ጋር 20 አስገዳጅ ቃሎች ይመጣሉ፤ የመከላከያ በጀትን በየጊዜው ማሳደግ አንዱ ነው። እስከ መጨረሻው አንብቡ ያልኩት ለዚህም ነው።

አየርላንድ ወታደር ወደ ውጭ የምትልከው እንዴት ነው?

ከ12 በላይ ከሆኑ ሦስት ቁልፍ ያስፈልጋል፦ የተባበሩት መንግሥታት ፈቃድ፣ የመንግሥት ውሳኔ፣ የፓርላማ ይሁንታ። በ2025 መንግሥት ይህን ለመቀየር ረቂቅ አዘጋጅቷል።

በአየርላንድ ጦር ልቀጠር ነው። ወደ ኅብረቱ ተልእኮ ሂድ ብባል በገለልተኝነት ምክንያት እምቢ ማለት እችላለሁ?

ይህ በስልክ አይመለስም፣ ወንድሜ። ከመፈረምዎ በፊት ውሉን ይዘው የወታደራዊ ሕግ ጠበቃ ያማክሩ።