እትየ አዜብና ታላቁ ትርክት

እሺ ሰላም ሰላም፣ ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ ጎረቤት ቤት እያሠራ ስለሆነ መዶሻ ከሰማችሁ ቻሉኝ እንግዲህ።

ግራንድ ናራቲቭ፣ በኛ ታላቁ ትርክት። ሥነ ጽሑፍ ስማር ይሄ ነገር ፈተና ላይ መጣና ምን ብዬ ጻፍኩ መሰላችሁ፣ "ብዙ ገጸ ባሕሪ ያለው ረጅም ልቦለድ"። ዜሮ! ይገባኛልም። አሁን ደሞ ሌላ ጣጣ አለ፣ "ትርክት" የሚለው ቃል እኛ ጋ ስድብ ሆኗል፣ ፌስቡክ ላይ አንዱ ሌላውን "ይሄ የናንተ ትርክት ነው" ካለው ውሸታም ማለቱ ነው፣ ስለዚህ ታላቁ ትርክት ሲባል ሰዉ ትልቁ ውሸት ይመስለዋል።

ሊዮታር ግን የሚለው እሱን አይደለም። ዣን ፍራንሷ ሊዮታር፣ ፈረንሳዊው ፈላስፋ፣ በ1979 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነገር ነው፣ የሚገርማችሁ ካናዳ ውስጥ ያለው የኬቤክ ግዛት መንግሥት የዩኒቨርሲቲዎች ምክር ቤት ያዘዘው ሪፖርት ነበር፣ ሪፖርት እኮ ነው! እኔ እንደገባኝ ታላቁ ትርክት ማለት ሌላው ነገር ሁሉ ሄዶ ፈቃድ የሚያወጣበት ታሪክ ነው። ሳይንስ የሰውን ልጅ ነፃ ያወጣል፣ ታሪክ መደብ ወደሌለበት ኅብረተሰብ ይሄዳል፣ እንደዚህ ዓይነት። እውነት ይሁን ውሸት ሌላ ጥያቄ ነው፣ እሱ የሚለው ሰው እነዚህን ማመን እያቃተው መጣ ነው።

ለኔ በደንብ የበራልኝ ክብረ ነገሥትን ሳስብ ነው። ሳባ፣ ሰለሞን፣ ቀዳማዊ ምኒልክ፣ ታቦተ ጽዮን፣ ታውቁታላችሁ። ያ ታሪክ ተረት ሆኖ እሳት ዳር አልቀረም፣ በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 2 ላይ የንጉሡ ዘር ከንግሥተ ሳባና ከሰለሞን ልጅ ሳይቋረጥ የመጣ ነው ተብሎ ተጽፏል፣ በቃ ሕግ ሆነ። ከዛ መስከረም 1967 ንጉሡ ወረዱ፣ ሰለሞን ወጣ ማርክስ ገባ፣ ወንበሩ ግን ባዶውን አላደረም።

ሊዮታር ትንንሽ ትርክቶች የሚላቸው ደሞ አሉ፣ ለሁሉ ነገር ፈቃድ ልስጥ የማይሉ የየሰፈሩ ታሪኮች ማለት ነው፣ እዚህ ጋ አያቴ ትመጣለች። አክሱም አካባቢ ነው ያደገችው፣ ንግሥተ ሳባን ንግሥተ አዜብ አትልም፣ እትየ አዜብ ነው የምትላት፣ ጎረቤቷ እንደሆነች ሁሉ። በሷ አፍ ልጅቷ ለዘንዶ ተሰጥታ ዛፍ ላይ ታስራለች፣ ቅዱሳኑ ዘንዶውን ሲገድሉት ደሙ እግሯ ላይ ይንጠባጠብና ተረከዟ የአህያ ሰኮና ይሆናል። ክብረ ነገሥት ላይ ኢየሩሳሌም የሄደችው ነጋዴው ታምሪን የሰለሞንን ጥበብ ስላወራላት ነው፣ አያቴ ጋ ግን እግሯን ልትታከም ነው። አንቀጽ 2 ስለ ሰኮናው ምንም አይልም እንግዲህ።

አንዴ "እማዬ የቱ ነው ትክክሉ?" አልኳት። ቡናዋን እየቀዳች ዞር ብላ አየችኝና "ወሬ ለመስማት ብሎ ያን ሁሉ መንገድ የሚሄድ ማን አለ ልጄ፣ እግሯን አሟት ነው እንጂ!"