ባቡሩ ሐረር ቢወጣ ኖሮ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ከኋላዬ የሚያጉረመርመው ቬንትሌተር ነው፣ ታገሱኝ። በግንቦት ድሬ ዳዋ ላይ ቬንትሌተር አጥፍቶ ድምፅ የሚቀዳ ሰው ካለ እጁን ያውጣ።

በቀደም በርጫ ላይ አንዱ ጓደኛዬ ምን አለኝ፣ «ያ ሁሉ ዕድሜህ ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ቀልጦ መቅረቱ አይቆጭህም?» አቦ፣ አይቆጨኝም! እሱ ግን አላመነኝም፤ ስለዚህ ለእናንተ ላስረዳ።

አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ያኔ የሰፈራችን የከዚራ ልጅ ምኞቱ የታወቀ ነው፦ ፈረንሳይኛ ትንሽ ትንሽ ትለምዳለህ፣ ወርክሾፕ ትገባለህ፣ እዚያው ጡረታ ትወጣለህ። እኔም ገባሁ፣ ቶርኖ ላይ መደቡኝ፣ ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጸው ማሽን ላይ ማለት ነው። ከዚያ ባቡሩ እየተዳከመ እየተዳከመ ሄዶ ጭራሽ ቆመ። አዲሱ በ2009 ሲመረቅ ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው፣ ጣቢያውም ከከተማ ወጣ ያለ፤ የኔን ሙያ የፈለገ አልነበረም።

ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቶርኖ የሚሠራው በጆሮ ነው። ቢላው ስል ከሆነ ብረቱ እየተላጨ እንደ ሙሸበክ ተጠምዝዞ ይወርዳል፣ ድምፁም አንድ ዓይነት ነው። ሲደነዝዝ ይጮኻል። ያስተማሩኝ ሽማግሌ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ሻይ እየጠጡ «ልጄ፣ አቁም፣ ቢላህን ሳል» ይሉኝ ነበር፣ ዞር እንኳን ሳይሉ። ዛሬ በራሴ ትንሽ ቤት የባጃጅና የውኃ ፓምፕ ዕቃ ስቀርጽ፣ ያ ጆሮ ነው እንጀራ የሚያበላኝ። ታዲያ የቱን ዓመት ቆርጬ ልጣል?

እዚህ ላይ ግን «ሁሉም ለበጎ ነው» ከሚሉት ጋር አታስቀምጡኝ። እሱ አባባል ያናድደኛል። በ1998 ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ሲመጣ፣ በበጋ አሸዋ ብቻ የምናውቀው ወንዝ ስንቱን ሰው ከነቤቱ ጠርጎ ወሰደ። ልጁን የቀበረ ሰው ፊት ቆማችሁ «ይሄ ነው አንተን የሠራህ» ትሉታላችሁ? እኔ አፌ አይደፍርም። አለመቆጨት ሌላ፣ ማመስገን ሌላ። የሆነው ሆኗል፣ የኔ ነው፣ ይዤው እሄዳለሁ። ደግ ነበር ብዬ እንድምል ግን ማንም አያስገድደኝም።

ለነገሩ ከተማችንስ ብትሆን? ሐዲዱ ሐረር ሊገባ ነበር የታሰበው። ተራራው አላስወጣ ሲል ከታች ቀረ፣ በ1895 ባቡሩ እዚህ ሜዳ ላይ ደረሰና ድሬ ተቆረቆረች፤ መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተብላ ነበር እኮ። ዕቅዱ ቢሳካ ከዚራ የለም፣ ለገሀር የለም፣ አባቴም እናቴን የት ያገኛት ነበር? ሐረሮች ግን ቢቆጫቸው አልፈርድም፣ ባቡር ቀርቶባቸዋል።

አባቴ እስካሁን ይቆጨዋል። የጭነት ባቡሩን ፉጨት በአፉ እያስመሰለ ያወራል፣ ከዚያ ይናደዳል። ድሮ «ተወው፣ አባዬ» እለው ነበር። አሁን ትቻለሁ፣ እሱ ያጣው ከኔ ይበልጣል። ይልቅ ስለ ወርክሾፑ እጠይቀዋለሁ፤ የማላውቀው ብዙ ነው፣ ሲያወራም ሰዓቱ አይታወቀኝም። እሺ፣ የፓምፑ ባለቤት ደጋግሞ እየደወለ ነው፣ ቻው።