የደንገጎ ቁልቁለትና የጊዛ ዲስክ

አቅራቢ ሀ፦ ከሐረር ወደ ድሬዳዋ በሞተር ሳይክል የወረደ ሰው፣ ደንገጎ ላይ የተቃጠለ ፍሬን ሽታ ምን እንደሚመስል አይጠፋውም። ዛሬ የምንነጋገረው የፊት ፍሬኑን የስቴንለስ (የማይዝግ ብረት) ዲስክ አውልቆ በጊዛ፣ ማለትም ቀልጦ በቅርጽ ማውጫ በተፈሰሰ ብረት፣ ዲስክ ስለመተካት ነው። ከቁልቁለቱ ብንጀምርስ?

አቅራቢ ለ፦ ሐረር ከድሬዳዋ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። ሞተሩ ከነአሽከርካሪው 220 ኪሎ ቢመዝን፣ ያን ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ወደ 4 ሊትር የሚጠጋ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ንፋሱና ማርሹ ከፊሉን ይሸከማሉ፤ የቀረው ግን ሁለት ጣት በምታህል ሸራ (ፍሬን ሲያዝ ዲስኩን የምትጨብጠው ክፍል) እና በስስ ዲስክ መካከል ሙቀት ሆኖ ይወጣል።

አቅራቢ ሀ፦ ታዲያ ጊዛው በምን ይሻላል?

አቅራቢ ለ፦ በጊዛ ውስጥ ያለው ካርቦን በስስ የግራፋይት ቅጠሎች መልክ ስለተበተነ፣ ሙቀቱን ሸራው ከሚነካው ገጽ ቶሎ ወስዶ ወደ ውስጥ ያዳርሰዋል፤ በዚህ ረገድ ለዲስክ ከሚውለው ስቴንለስ እጥፍ ገደማ ይሻላል። ተስማሚ ሸራ ካገኘም፣ በተለይ ዝናብ ላይ፣ አያያዙ ጠንከር ይላል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ የተሠሩ የሞቶ ጉዚና የዱካቲ ሞተሮች የፍሬን አምራቹ ብሬምቦ ያመረተው የጊዛ ዲስክ ነበራቸው።

አቅራቢ ሀ፦ ሰው የሚያማርረው ግን ዝገቱን ነው።

አቅራቢ ለ፦ ሐረር ላይ ዝናብ ሲመታው ያደረውን ዲስክ ጠዋት ብታየው በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስልሃል። ፍሬኑን ሁለት ሦስት ጊዜ ስትይዘው ሸራው ጠርጎት ግራጫነቱ ይመለሳል። እኔ ዝገቱን ከነውር አልቆጥረውም፤ የምፈራው ተሰባሪነቱን ነው።

አቅራቢ ሀ፦ የመኪና ዲስክ ቶርኖ ቤት አስጠርቦ መግጠምስ እንዴት ታየዋለህ?

አቅራቢ ለ፦ አልመክርም፤ ሞክሬው ስለማውቅ ነው። አንድ ቀን ያስጠረብኩትን ዲስክ በገመድ አንጠልጥዬ በመፍቻ መታ ሳደርገው፣ እንደ ደወል መጥራቱ ቀርቶ እንደተሰነጠቀ ሸክላ ደነቆረ። ኋላ በደንብ ስመረምረው፣ ከብሎኑ ቀዳዳ ጠርዝ የተነሳች ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አገኘሁበት። በዚያ ዲስክ ደንገጎን ሁለት ጊዜ ወርጄበት ነበር።

አቅራቢ ሀ፦ እግዚአብሔር ነው ያተረፈህ። ለሞተሩ ተብሎ የተሠራ ዲስክ የገዛ ሰውስ ምን ይመልከት?

አቅራቢ ለ፦ ውፍረቱ በካሊፐሩ (ሸራውን ይዞ ዲስኩ ላይ በሚጫነው ክፍል) ውስጥ በነፃነት የሚገባ መሆኑን ያረጋግጥ፤ ዲስኩ ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ ውፍረት በታች ከሳሳም ይጣለው። ገጥሞ ሲያዞረው የሚወላገደው ልክ ብዙ አምራቾች ከሚፈቅዱት 0.3 ሚሊሜትር ማለፍ የለበትም፤ ካለፈ የፍሬን እጀታው ጣት ላይ ይመታል። ሸራውን በተመለከተ፣ ከብረት ዱቄት ተጋግሮ የሚሠራው ዓይነት ጊዛን ስለሚበላ ለስላሳውን ይምረጥ። የፍሬን ዘይቱን ግን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ዶት 4 የሚባለው የዘይት ዓይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፣ ከአየር እርጥበት ሲጠጣ ግን መፍያው ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ያረጀ ዘይት ላይ አዲስ ዲስክ የጫነ ሰው፣ ቁልቁለቱ መሐል ዘይቱ ፈልቶ እጀታው እስከ መያዣው ሲገባበት ጥፋቱን በዲስኩ ያሳብባል።

አቅራቢ ሀ፦ ገጥሞ እንደጨረሰ በቀጥታ ደንገጎ ይውጣ?

አቅራቢ ለ፦ የለም፤ መጀመሪያ ሜዳማ መንገድ ላይ ሠላሳ ጊዜ ያህል፣ ሳይቆም በለዘብታ እየያዘና በየመሐሉ እያቀዘቀዘ፣ ሸራውን ከዲስኩ ጋር ያላምደው።